በማሕፀን ሳሉ አልኮል የጎዳቸውን ልጆችና ቤተሰቦቻቸውን ለሚደግፉ የጅማ ባለሙያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ወረዳዎች ለሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ ማኅበራዊ ሠራተኞች፣ የልዩ ፍላጎት መምህራንና ቤት ለቤት ለሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ በሥልጠና አዳራሽም ይነሣሉ፤ በብዛት የሚነሡት ግን ከቤት ጉብኝት ስንመለስ፣ ባጃጅ እየጠበቅን ነው።

ኤፍ.ኤ.ኤስ.ዲ. (በእንግሊዝኛ Fetal Alcohol Spectrum Disorders) የሚባለው ምንድን ነው?

ነፍሰ ጡር ሴት የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ጽንሱን ሲያገኘው በአንጎሉና በሌላውም አካሉ ላይ የሚያደርሰው፣ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ጉዳት ነው። ከቀላል እስከ ከባድ ለሚደርሱ ብዙ ዓይነት ጉዳቶች የተሰጠ የጋራ መጠሪያ ስለሆነ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ስም ይዘው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሊሆኑ ይችላሉ። የጽንሱ ጉበት ገና ስላልጎለመሰ አልኮሉን እንደ እናቱ ፈጥኖ አያስወግድም፤ በእንሽርት ውኃው ውስጥም ይቆያል። እናቲቱ ሞቅታው ለቋት ሥራዋን ስትጀምር ጽንሱ ገና ከአልኮሉ አልተላቀቀም።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ፖል ሌምዋን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም በናንት ከተማ 127 ልጆችን መርምረው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፈዋል፤ ብዙ ሰው ግን አላነበበላቸውም። ዓለም ጆሮ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የሲያትል ሐኪሞች ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ በላንሴት መጽሔት ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲያትሙ ነው።

ልጆቹ በመልካቸው ይለያሉ?

አብዛኞቹ አይለዩም። የሚታወቁት የፊት ምልክቶች ሦስት ናቸው፦ የዓይን ክፍተት ከዳር እስከ ዳር አጭር መሆን፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ ላይኛው ከንፈር የሚወርደው ጎድጓዳ መስመር ለጥ ማለት፣ የላይኛው ከንፈር መሳሳት። እነዚህ የሚመጡት አልኮሉ ፊት በሚቀረጽባቸው ጥቂት የመጀመሪያ ሳምንታት ከደረሰ ነው። አንጎል ግን ዘጠኙንም ወር ሲሠራ ስለሚቆይ በአምስተኛው ወይም በስምንተኛው ወር የደረሰ አልኮል ፊትን ሳይነካ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ነው «ምንም አልሆነም፤ ባለጌ ስለሆነ ነው» የሚባለው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን። መልኩ ያማረ፣ ንግግሩ የተቃና ልጅ ማንም አይራራለትም።

ሌላው አደጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከሥልጠና በወጣን ሰሞን ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠውን ሁሉ ከንፈሩን መመርመር ያምረናል። የፊት ቅርጽ ከሕዝብ ሕዝብ፣ ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያል፤ ልኬቱም ለሠለጠነ ሐኪም የሚተው ነው።

እዚህ ሴቶች የሚጠጡት ጠላ ነው። ጠላ ምን ይጎዳል?

ይህ ከሁሉ በላይ የምንጠየቀው ነው፤ ጠያቂዎቹም ብዙ ጊዜ ራሳቸው ባለሙያዎች ናቸው። ጠላ፣ ፋርሶም በሉት፣ አልኮል አለው። የቤት ጥምቅ ጥንካሬ እንደ ብቅሉ፣ እንደ ጌሾውና እንደ ቆየበት ቀን ስለሚለያይ ለሁሉም ቤት የሚሆን ቁጥር የለም፤ ለስሌት ያህል ግን 4 በመቶ አልኮል ያለውን ጠላ እንውሰድ። በእንዲህ ያለው አንድ ሊትር ውስጥ 32 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለ። 5 በመቶ በሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ፣ ማለትም በ330 ሚሊ ሊትር ውስጥ፣ ያለው 13 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ጠላ ከሁለት ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል። 40 በመቶ የሆነ አረቄ ከሆነ 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንድ መለኪያ ብቻዋን 16 ግራም ገደማ ይዛለች። ጠጅም ከጠላ ይጠነክራል። ያልቦካ ብርዝ ችግር የለበትም፤ ሲቆይ ግን እሱም ይፈላል።

አንድ ሴት «እኔ ጠላ እንጂ መጠጥ አልጠጣም» ስትል እየዋሸች አይደለም። በእርሷ ቤት ጠላ ምግብ ነው፤ ለአራስም፣ ለጉልበት ሠራተኛም ይቀርባል። ስለዚህ «አልኮል ትጠጫለሽ?» ብሎ መጠየቅ ቅጹን ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ እያላችሁ በየስሙ፣ በየዕቃው ጠይቁ፦ በጣሳ ነው? በብርሌ ነው? በመለኪያ ነው? ጣሳው የትኛው ነው? ያሳዩአችሁና በዓይናችሁ ለኩት።

በእርግዝና ጊዜ «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም» ተብሎ የተረጋገጠ መጠን የለም፤ ደህና የሚባል ወርም የለም። በሌላ በኩል፣ በየትኛውም ወር ማቆም ይጠቅማል። በስድስተኛ ወሯ ለመጣች ሴት ከሁሉ በላይ ልትሰማው የሚገባት ይህኛው ነው።

እናቲቱን እንዴት ልጠይቃት?

እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ሥራችን የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ጠላ ጠምቃ የምትተዳደር እናት ቤት የገባች አንዲት ባልደረባችን ቅጹን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ሴትየዋ የጋኑን አፍ በጭቃ እየመረገች ነበር፤ የሰባት ዓመቱ ልጇ በሩ ላይ ቆሞ መዝጊያውን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ባልደረባችን እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና፦

«እትዬ፣ ጠላው መድረሱን በምን ያውቁታል?»

«ቀምሼ ነዋ፣ ልጄ!»

«ይህን ልጅ ሲያረግዙም የሚቀምሱት እርስዎ ነበሩ?»

«ታዲያ ማን ይቀምስልኛል? ጠዋት በጣሳ አየዋለሁ፤ ማታ ደግሞ ደንበኛ ‹አብረሽን ጠጪ› ካለ እምቢ አይባልም። ገበያ ነው።»

በዚህች አጭር ወግ ውስጥ የመጠጡ ዓይነት፣ ሰዓቱ፣ ድግግሞሹና ምክንያቱ ሁሉም አሉ። ቅጹ በኋላ ከቤቱ ከወጡ ወዲያ ተሞላ።

ከዚህ የምንወስዳቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። «ለምን ጠጣሽ?» የሚል ጥያቄ አይጠየቅም፤ «ለምን» ፍርድ ቤት ያስመስላል። «ያኔ ኑሮ እንዴት ነበር?» ብትሉ ግን ባል መሞቱን፣ የቤት ኪራዩን፣ ድብደባውን ትሰማላችሁ። ሁለተኛ፣ እርግዝናውን ከማወቋ በፊት የነበሩትን ሳምንታት ለይታችሁ ጠይቁ። ብዙ ሴቶች «ነፍሰ ጡር ሆኜ አልጠጣሁም» የሚሉት ካወቁበት ቀን ጀምረው እየቆጠሩ ነው፤ ያላወቁት አንድና ሁለት ወር ይዘለላል። ወራቱን ለማስታወስ በዓል ይረዳል፦ ያኔ ጥምቀት አልፎ ነበር? ረመዳን ገብቶ ነበር? ሦስተኛ፣ ባል፣ አማት ወይም ጎረቤት ባለበት አትጠይቁ። እናቲቱ የምትናገረው አፋን ኦሮሞ ከሆነና እናንተ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ባልደረባ ይዛችሁ ሂዱ። የጎረቤት ሴት ወይም ትልቁን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ ምስጢሩን በማግስቱ መርካቶ ማድረስ ነው።

ወቀሳ የማንወቅሰው ለጨዋነት ብቻ ብለን አይደለም። የተወቀሰች እናት ትክዳለች፤ ስትክድ የልጁ ታሪክ ይጠፋል፤ ታሪኩ ሲጠፋ ሐኪሙ የሚይዘው ነገር ያጣል። ከእኛ አፍ የወጣ አንድ «አይ እናት!» ልጁን ዓመታት ሊያስከፍለው ይችላል።

ሙስሊም እናት ብትሆንስ? መጠየቁ እንደ ስድብ አይቆጠርም?

ለአንዷ ብቻ ተለይቶ ከቀረበ ይቆጠራል። ለሁሉም የሚጠየቅ ከሆነ ግን እንደ ደም ግፊት ልኬት ይለመዳል። «ለሚመጡ እናቶች ሁሉ የምንጠይቀው ነው» ብላችሁ ጀምሩ። በጅማ አብዛኛው ሙስሊም ቤተሰብ መጠጥ አይነካም፤ መልሱም ብዙ ጊዜ በፈገግታ «የለም» ነው፤ አመስግናችሁ እለፉ። ይሁንና ጥቂት የሚጠጡ ሴቶች አሉ፤ እነርሱ ደግሞ ኀፍረታቸው እጥፍ ስለሆነ ማንም ካልጠየቃቸው ራሳቸው አያነሡትም።

የጫትን ጉዳይ ከዚህ አትለዩት። ጫት ራሱ ኤፍ.ኤ.ኤስ.ዲ. አያመጣም፤ ነገር ግን ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ አልኮል ነው። «ጫት ከቃምሽ በኋላ እንቅልፍ እንዲወስድሽ ምን ትወስጃለሽ?» የሚለው ጥያቄ «ትጠጫለሽ?» ከሚለው የተሻለ መልስ ያመጣል። ጫትም በራሱ ለነፍሰ ጡር አይመከርም።

ነፍሰ ጡር ሆና እየጠጣች ያገኘኋትን ሴት «ዛሬውኑ አቁሚ» ልበላት?

አንዳንዷን አዎን፣ አንዳንዷን በፍጹም። አልፎ አልፎ የምትጠጣዋ ዛሬውኑ ብታቆም መልካም ነው። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ፣ ጠዋት እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልባት፣ ካልቀመሰች መንቀሳቀስ የሚያቅታት ሴት ግን በድንገት ብታቆም የሚጥል መናድና ከባድ መቃዠት ሊመጣባት ይችላል፤ ለእርሷም ለጽንሱም ሕይወት ያሰጋል። እንዲህ ያለችውን ምክር ሰጥቶ ከመሄድ ይልቅ በሐኪም ክትትል እንድታቆም ወደ ሆስፒታል አድርሷት። ሪፈር ጽፎ መስጠት ማድረስ አይደለም፤ አብራችሁ ሂዱ።

ኑሮዋ መጠጥ የሆነችዋን ሴት «ሥራሽን ተዪ» ማለት ደግሞ ቀላል የሚመስል ከባድ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚቻለውን ፈልጉ፦ የምትቀምስላት እህት ወይም ጎረቤት አለች? ማታ ደንበኛ ሲያስቸግር የምታስተናግድ ሌላ ሰው አለች? እንጀራ መጋገሩ ወይም ቡና ማፍላቱ ቀስ በቀስ ገቢውን ሊተካ ይችላል? እቁብና እድር የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። የእርግዝና ክትትሉም ከ12ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር ይህ ሁሉ ወሬ በጊዜ ይነሣል።

ጡት የምታጠባዋስ?

አልኮል ወደ ጡት ወተት ያልፋል፤ ስለዚህ አይጠጣም። ኤፍ.ኤ.ኤስ.ዲ. ግን ከልደት በፊት የሚደርስ ጉዳት ነው። ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ ጡት እንድታስጥል አትምከሯት።

የአባትየው መጠጥስ?

ኤፍ.ኤ.ኤስ.ዲ. የሚመጣው ጽንሱ በማሕፀን ሳለ ከሚደርስበት አልኮል ነው። አባት ግን ነጻ አይወጣም፤ የሚጠጣ ባል ባለበት ቤት ሚስት ማቆም ይከብዳታል፣ ዱላውም፣ የገንዘቡም መጥፋት ይከተላል። «ለዘጠኝ ወር አብረህ ተው» የተባለ ባል ብዙ ጊዜ ግር ይለዋል፤ ከዚህ በፊት ማንም ጠይቆት አያውቅምና። ጠይቁት።

ምርመራው የት ነው? የደም ምርመራ አለ?

የደም ምርመራም ራጅም የለውም። ሐኪም የልጁን እድገት፣ ፊት፣ የአንጎል ሥራና የእርግዝናውን ታሪክ አንድ ላይ አይቶ ነው የሚወስነው። ከጤና ጣቢያ በሪፈር ወደ ጅማ ሕክምና ማዕከል የሕፃናትና የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ይኬዳል። ሂደቱ ረዥም ስለሆነ ቤተሰቡ ይዞት የሚሄደው ነገር ለውጥ ያመጣል፦ የእርግዝና ክትትልና የክትባት ካርዶች፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ መምህሩ በእጁ የጻፋት ግማሽ ገጽ፣ እናንተ የመዘገባችሁት የመጠጥ ታሪክ።

በእኛ አካባቢ ተመሳሳይ ችግር የሚያመጡ ሌሎች ምክንያቶች ብዙ ናቸው፦ ሲወለድ መታፈን፣ የምግብ እጥረት፣ የአዮዲን ማነስ፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎልን የነካ ወባ። አንዱ ሌላውን አያስቀርም፤ የተራበች እናት የጠጣችው አልኮል ይበልጥ ይጎዳል። ጆሮና ዓይን መጀመሪያ ይታይ። «አይታዘዝም» የተባለ ልጅ የማይሰማ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

መድኃኒት ከሌለው ስሙን ማወቁ ምን ይፈይዳል?

የተጎዳውን አንጎል የሚመልስ መድኃኒት የለም። ለሚጥል በሽታ፣ ለትኩረት ማጣት፣ ለጭንቀት የሚሰጡ መድኃኒቶች ግን አሉ፤ ሐኪም ያዛቸዋል።

ስሙን ማወቅ ከመድኃኒቱ የበለጠ ይሠራል። በሲያትል አን ስትራይስጉትና ባልደረቦቻቸው ይህ ጉዳት ያለባቸውን 415 ሰዎች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ፣ ወጣትና አዋቂ ከሆኑት መካከል 60 በመቶው ከሕግ ጋር ተጋጭተዋል። ያው ጥናት ግን በልጅነታቸው የተለዩና በተረጋጋ ቤት ያደጉት ከእንዲህ ያለው ዕጣ የማምለጥ ዕድላቸው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የተረጋጋ ቤት ደግሞ ፋርማሲ አይሸጠውም። እናንተ የምትሠሩት እሱን ነው።

ልጁ ለምን ይዋሻል? ለምንስ ይሰርቃል?

«ትናንት የት ዋልክ?» ብትሉት «አጎቴ ጋ» ይላል፤ አጎቱ ግን አዲስ አበባ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ተንኰል አይደለም። ትዝታው ቀዳዳ አለበት፤ አንጎሉ ቀዳዳውን በመጣለት ነገር ይሞላዋል፤ ልጁም የተሞላውን ያምነዋል። አጥብቃችሁ ስትጠይቁት ሌላ ይጨምራል፤ ሊያስደስታችሁ ስለሚፈልግ። «የኔ»ና «የሰው» የሚሉትም ለእርሱ ረቂቅ ሐሳቦች ናቸው። መንገድ ላይ ማንም ያልያዘው ኳስ የማን ነው? በእርሱ ስሌት የማንም ነው፤ ስለዚህ የእርሱ ነው።

በዱላ የተማረውን በማግስቱ ይደግመዋል። የተመታው ለምን እንደሆነ ይረሳል፤ መመታቱን ግን አይረሳም። ዱላ ይበልጥ ፈሪና ቁጡ ልጅ ያደርጋል እንጂ የጎደለውን ትዝታ አይሞላም። ዕድሜውንም በቁመቱ አትለኩት፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ በገንዘብ አያያዝና በጓደኛ ምርጫ እንደ አሥር ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ በተግባር ምን ይደረግ?

አንዲት እናት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን «ሂድና ከሱቅ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ገዝተህ መልሱን ቆጥረህ ቶሎ ና!» ብላ ትልከዋለች። ልጁ «እሺ» ብሎ ይሮጣል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ብሩም የለም። እናቲቱ የሰጠችው አንድ ትእዛዝ መስሏታል። ይቆጠር ቢባል ግን ስድስት ናቸው።

ያስተካከልነው ልጁን ሳይሆን መልእክቱን ነው። ሳሙና ሲፈለግ የሳሙናው ባዶ ልጣጭ፣ ዘይት ሲፈለግ ባዶው ጠርሙስ በእጁ ይያዛል፤ በአንድ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ። ብሩ በአንገቱ በምትንጠለጠል የጨርቅ ከረጢት ይገባል። ባለ ሱቁም ነገሩ ተነግሮት መልሱን እዚያችው ውስጥ ከቶ «አሁን ወደ ቤት» ይለዋል፤ በየቀኑ በዚያችው ቃል። ሰዓቱ አይቀየርም፣ መንገዱም አይቀየርም። ክረምት ገብቶ ጭቃው ሲበዛ የምንሄድበትን ሌላ መንገድ ገና ደረቅ ሳለ አለማመድነው። እስኪዘልቅበት ወራት ወስዷል፤ ዛሬም ባለ ሱቁ በሌለበት ቀን ይዘበራረቃል፤ ስለዚህ ባለ ሱቁ በሌለበት ቀን አይላክም።

ሌላው ሁሉ የዚህ ዘመድ ነው። አጭር ቃል፣ አንድ ትእዛዝ፣ የማይለዋወጥ ሰዓት፣ በዓይን የሚታይ ምልክት፣ ያለመሰልቸት መደጋገም፣ የሚጠብቅ ዓይን። ጩኸትና ግርግር የሚያውከው ልጅ የሐሙስ ገበያ ሲደምቅ አይወሰድ፤ መሄዱ ግድ ከሆነ ማለዳ ሳይሞላ ይሂድ። ልጁ አንድ ቀን በሚገባ የሠራውን በማግስቱ ቢያቅተው «ትናንት ችለህ!» አትበሉት። የአንጎሉ ጉልበት ከቀን ቀን ይለያያል፤ ይህም የበሽታው ጠባይ ነው።

ትምህርት ቤቱ «ክፍሉ ሞልቷል፤ ለአንድ ልጅ የተለየ ነገር አንችልም» ካለ?

መምህሩ እውነቱን ነው፤ በዚያ ላይ አትከራከሩት። ጊዜ የማይወስዱ ሦስት ነገሮች ለምኑት፦ ፊት ለፊት ከመስኮትና ከበር ርቆ ይቀመጥ፤ ትእዛዝ ለክፍሉ ከተነገረ በኋላ በስሙ ተጠርቶ አንዴ ይደገምለት፤ ሲቁነጠነጥ ጠመኔ ወይም ውኃ እንዲያመጣ ይላክ። መምህራን ሦስተኛውን ይወዱታል፤ ክፍሉም ጸጥ ይላል። «ገብቶሃል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ምን ልታደርግ ነው?» ይባል።

ልጁን የሚያሳድጉት አያቱ ወይም በጉዲፈቻ የወሰዱት ሰዎች ከሆኑ?

ጉዲፈቻ በጅማ ዙሪያ የቆየ ወግ ስለሆነ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። የእርግዝናው ታሪክ ላይገኝ ይችላል፤ ሆኖም ሦስቱ የፊት ምልክቶች በሙሉ ካሉ ሐኪም ያለ መጠጥ ታሪክም ሊወስን ስለሚችል «መረጃ የለንም» ብሎ መቅረት አያስፈልግም። አሳዳጊዎች ስለ ወላጅ እናት የሚወራውን ይዘው ሲመጡ ስሙ፤ አትጨምሩበት። ልጁ በር ላይ ሆኖ ይሰማል። አያት ከሆኑ ደግሞ ድካማቸውን ጠይቁ፤ በሰባ ዓመት የሚሮጥ ልጅ መከተል ቀላል አይደለም። ለእርሳቸው የሁለት ሰዓት እረፍት ከብሮሹር ይሻላል።

ቤተሰቡ ወደ ጸበል ወይም ወደ ሼህ ሊወስደው ነው። ልከልክል?

አትከልክሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ እንዳይታሰርና እንዳይመታ በግልጽ ተነጋገሩ። ከካህኑ ወይም ከሼሁ ጋር አስቀድማችሁ ከተዋወቃችሁ እነርሱ ራሳቸው «ኪኒኑን ዋጥ» ይላሉ።

ፖሊስ ጣቢያ ተይዞ ተደወለልኝ። ምን ላድርግ?

ፈጥናችሁ ሂዱ፤ የምርመራ ወረቀቱንም ያዙ። ትልቁ አደጋ ልጁ የተጠየቀውን ሁሉ ማመኑ ነው። «አንተ ነህ አይደል?» ሲሉት ቶሎ ወደ ቤቱ ለመሄድ ብሎ «አዎ» ይላል። ቃሉ ከመወሰዱ በፊት የሚያውቀው ሰው አጠገቡ እንዲሆን፣ ጥያቄው አጭር እንዲሆንና መልሱ በአፉ እንዳይቀመጥለት በትሕትና አስረዱ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ለሆኑ ወጣት አጥፊዎች የተለየ አያያዝ ደንግጓል፤ ስለዚህ ዕድሜውን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የልደት ሰርተፊኬት ባይኖር የክትባት ካርድ፣ አስቀድሞ ፋይሉ ውስጥ ይኑር። ከመርማሪው ጋር አትጣሉ። በሚቀጥለውም ጊዜ የሚያገኛችሁ እርሱ ነው።

ስለ ኤፍ.ኤ.ኤስ.ዲ. የሚታሰበው ቀን መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሴፕቴምበር 9 ቀን ይታሰባል፤ የዘጠነኛው ወር ዘጠነኛ ቀን የተመረጠው ለዘጠኙ የእርግዝና ወራት ነው። በእኛ አቈጣጠር ሁልጊዜ ጳጉሜ 4 ላይ ይውላል። ለእንቁጣጣሽ ጠላ በየቤቱ በሚጠመቅበት ሰሞን መሆኑ ለትምህርት የተመቸ ነው፤ ጋኑ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ፋይሉ ላይ ምን ልጻፍ? ሥራ ስቀይርስ?

ያያችሁትንና የሰማችሁትን ጻፉ፤ የፈረዳችሁትን አትጻፉ። «ሰካራም እናት» ሳይሆን «በእርግዝናዋ ጊዜ በየቀኑ ጠዋት አንድ ጣሳ ጠላ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ምሽት ተጨማሪ፤ በአራተኛው ወር ቀንሳለች» ተብሎ ይጻፍ። የመጀመሪያው ሐኪሙን አይረዳውም፤ ሁለተኛው ይረዳዋል። ፋይሉ በቁልፍ ይቀመጥ።

ሥራ ስትቀይሩ ወይም ዝውውር ሲመጣ ቤተሰቡ ታሪኩን ለአዲስ ሰው ከዜሮ እንዲጀምር አታድርጉ። እያንዳንዱ አዲስ ቅጽ ይዞ የመጣ ሰው እናቲቱን ያንኑ ቁስል ያስከፍታታል፤ ተለማማጅ ተማሪ ይሁን ፕሮጀክት ለእርሷ ልዩነት የለውም። ተተኪውን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ ከተቻለ ከአንድ ጊዜ በላይ። ልጁም እናንተ ከመቅረታችሁ በፊት አዲሱን ፊት ይልመድ፤ ስሙን፣ የሚመጣበትን ቀንና የሚቀመጥበትን በርጩማ ሳይቀር።